በጉዞ ላይ የማይፈለግ

በክሩዝ መርከብ የተሳፈረ ሁሉ ያቺን ወረቀት ያውቃታል። የካቢን ቁጥር ይዛ እቤት ትታተማለች፣ ትታጠፋለች፣ በስቴፕለር ተመትታ የሻንጣ እጀታ ላይ ትንጠለጠላለች። አክስቴን ልጆቻቸው ከባልቲሞር በሚነሣ መርከብ ሽርሽር ሲጋብዟቸው፣ እኔም አጃቢ ሆኜ ስለነበር ወረቀቷን የማተሙ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ጣጣው የመጣው ሳጣጥፋት ነው። አንድ ምግብ ቤት ለጌጥ ባስቀመጠው አሮጌ የቆዳ ሻንጣ ላይ ያየሁት ተለጣፊ ትዝ አለኝ። በእንግሊዝኛ፣ በደማቅ ፊደል፣ «በጉዞ ላይ የማይፈለግ» ይላል። ለሻንጣው ይሁን ለባለቤቱ የተለጠፈ አይለይም። ይህን ሳላጣራ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ከአውሮፓ አሜሪካ፣ ከእንግሊዝ ህንድ በመርከብ ይሻገር በነበረበት ዘመን ተሳፋሪ ጓዙን ሦስት ቦታ ይከፍል ነበር። የሌሊት ልብሱና የጥርስ ብሩሹ «ካቢን» ተብሎ አብሮት ይገባል። በመንገድ ሊያስፈልገው የሚችለው፣ ለምሳሌ መርከቧ ስዊዝን አልፋ ሙቀቱ ሲበረታ የሚቀይረው ስስ ልብስ፣ «የሚፈለግ» ይባልና ወርዶ ሊከፍተው በሚችል ዕቃ ክፍል ይቀመጣል። ሰሐኑ፣ አንሶላው፣ ካፖርቱ ደግሞ «የማይፈለግ» ተብሎ መርከቧ ሆድ ውስጥ ይወርዳል፤ መድረሻው ወደብ እስኪደርስ ፀሐይ አያይም። ስድብ አይደለም ማለት ነው። ካቢን የሚገባው ሳንዱቅ ከአልጋ ሥር እንዲንሸራተት ቁመቱ አጠር ብሎ፣ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ክዳኑም ዝርግ ተደርጎ ይሠራ ነበር።

ዝርግ ካልኩ አይቀር አንድ ክርክር አለችኝ። ሉዊ ቪቶን ፓሪስ ላይ ሱቁን የከፈተው በ1854 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)፤ በ1858 ክዳኑ ዝርግ የሆነና አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረደር ሳንዱቅ አወጣ። ከዚያ በፊት የተለመደው ጎባጣው ነበር። ለምን ጎባጣ ሆነ ሲባል፣ በሠረገላ ጣሪያ ላይ ስለሚጫን ዝናቡ እንዲንሸራተትለት ነው የሚለው መልስ በየቦታው ይደገማል። ሌላም አባባል አለ፤ ጎባጣ ላይ ሌላ ሳንዱቅ ስለማይቀመጥ የባለቤቱ ዕቃ ምንጊዜም ከላይ ይሆንለታል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፣ ወደፊትም እሆናለሁ። በአሜሪካ ጎባጣው ሳንዱቅ ከ1858 በኋላም ለአሥርት ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል፤ ያውም ጓዝ ጣሪያ ባለው የባቡር ፉርጎ ውስጥ በሚጓዝበት ጊዜ። ፉርጎ ውስጥ ምን ዝናብ አለ? አውቶቡስ ተራ ቆሞ ሰው ኬሻውን ጣሪያ ላይ ሲያስጭን ያየ ይፍረድልኝ፤ «የኔን ከላይ!» የማይል የለም። ዝናብ የሚፈራ ሸራ ያለብሳል፤ ክዳኑን የሚያጎብጠው ጎረቤቱን የሚፈራ ነው።

ሀብታሞቹ በዚህ ሁሉ አይጨነቁም ነበር። ታይታኒክ በ1912 ስትሰጥም ሻርሎት ካርዴዛ የተባሉ የፊላደልፊያ እመቤት ለ14 ሳንዱቅ፣ ለ4 ሻንጣና ለ3 ሣጥን ካሳ ጠይቀዋል። ሒሳቡ 177,352 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። ሰባ አምስቷን ሳንቲም ልብ ይበሉልኝ።

ኒው ዮርክ ሲደረስ ዕቃው ወደ ወደቡ መጋዘን ይወርድና ከፍ ብለው በተሰቀሉ ትልልቅ ፊደላት ሥር ይደረደራል። የቤተሰብ ስሙ በኤም የሚጀምር ከኤም ሥር ቆሞ ጉምሩክን ይጠብቃል። ለፈረንጅ ግሩም ዘዴ ነው፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጆች ባንድ ፊደል ሥር ይሰበሰባሉ። የሐበሻ ቤተሰብ ያን መጋዘን ቢረግጥ ግን ባል በአባቱ ስም አንድ ጥግ፣ ሚስት በአባቷ ስም ሌላ ጥግ፣ ልጆች ደግሞ በአባታቸው ስም ሦስተኛ ጥግ ይቆሙ ነበር። የካቢን ቁጥርን ያመጣ ይባረክ።

ይህ ሁሉ ደግሞ ሻንጣን ለሰው አምኖ ለሚሰጥ ነው። በ1892 በተከፈተው በኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ምድር ቤቱ ላይ የዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ብዙዎቹ ግን ይሰረቅብናል ብለው ጥቅልላቸውን በጀርባቸው አዝለው ደረጃውን ወጥተዋል። አክስቴ አብረው ቢኖሩ ፊታውራሪ ይሆኑ ነበር። ባልቲሞር ከመኪና እንደወረድን ተሸካሚው እጁን ሲዘረጋ ሻንጣቸውን ወደ ኋላ ሳቡት።

«ማን ነው ይሄ?»

«እትዬ፣ የወደቡ ሠራተኛ ነው፤ ይስጡት። ካቢናችን በር ድረስ ያመጣልናል።»

«ደረሰኝ ይሰጣላ?»

«አይሰጥም።»

«ያለ ደረሰኝ?!»

እውነታቸውን ነው። አየር መንገድ ሻንጣ ተቀብሎ ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል፤ እዚህ ግን ሁለት ዶላር ጉርሻ ተቀብሎ «መልካም ጉዞ» ይላል። ሰውየውን ግን አልነቅፍም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ወደቦች እነዚህ ተሸካሚዎች በአብዛኛው በ1892 የተመሠረተው የወደብ ሠራተኞች ማኅበር አባላት ናቸው፤ ከብዙዎቻችን የተሻለ ደመወዝ ሳያገኙ አይቀሩም።

«የማይፈለግ» የሚለው ተለጣፊ ታዲያ ከክሩዝ የት ገባ? የሐምቡርግ–አሜሪካ መሥመር ሰው አልበርት ባሊን፣ በክረምት አትላንቲክን የሚሻገር ሰው ሲጠፋ መርከቦቹ ሥራ መፍታታቸው አንገበገበው። በጥር 1891 «አውጉስታ ቪክቶሪያ»ን 241 ሰዎች አሳፍሮ ሜዲትራንያንን ሊያዞራቸው ላከ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ቤት የሚቀይር የለም። ሁሉም ወደተነሡበት ይመለሳሉ። ሰሐንና አንሶላ ይዞ ሽርሽር የሚወጣ ስለሌለ፣ የያዙት ሁሉ በመንገድ ላይ የሚፈለግ ነው። ተለጣፊውን የገደለው የአስተናጋጆች ደግነት ሳይሆን መርከቧ የትም የማትሄድ መሆኗ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያለው አንድ ዓይነት ወረቀት ብቻ፣ እሱም ካቢን የሚል ነው።

ጫናው ግን ከብዷል። በ2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» እስከ 7,600 ተሳፋሪ ትይዛለች፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሻንጣ ቢታሰብ ከ15,000 በላይ ነው። ይህ ሁሉ በኤክስሬይ አልፎ፣ በብረት ቀፎ ተጭኖ፣ በፎርክሊፍት ገብቶ፣ በየፎቁ ተለይቶ በየበሩ ይቀመጣል። የአክስቴ ሻንጣ ግን እራት አልፎም አልመጣም። የሐበሻ ቀሚሳቸው እዚያ ውስጥ ስለነበር ምግብ አዳራሽ የገቡት በስፖርት ጫማ ነው፤ የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ይጠሩታል። ኋላ ታች አንዲት ክፍል ተጠራን። ሻንጣው ተከፍቶ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ጀበናና አንድ ከረጢት ዕጣን። የመርከብ ኩባንያዎች ካውያን፣ ምድጃን፣ ሻማንና ዕጣንን በአንድ መዝገብ አስፍረው ከልክለዋል፤ ባሕር ላይ እንደ እሳት የሚፈራ ነገር የለምና ሕጉ ልክ ነው። ጀበናው ብቻ ነፃ ወጣ። የቀረው በመጨረሻው ቀን ተመለሰልን።

የእኔ ቂም ግን ከመጨረሻው ማታ ጋር ነው። ከመውረጃው ቀን በፊት፣ ከምሽቱ አራት አምስት ሰዓት ላይ፣ ሻንጣህን ቆልፈህ በር ላይ አውጣ ትባላለህ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መርከቧ ማለዳ ወደብ ትደርሳለች፣ ቀትር ሳይሞላ ሌሎች ሺዎች መሳፈር ይጀምራሉ፣ ስለዚህ ጓዙ ከሰው ቀድሞ መውረድ አለበት። ቢሆንም የከፈልኩበት የመጨረሻ ምሽት ሻንጣ በመቆለፍ ሲያልቅ ዝም ብዬ አላይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ራሱ ተሸክሞ ለመውረድ የሚችል ሰው ሻንጣውን በር ላይ ማውጣት አይገደድም፣ አብዛኛውን ጊዜም መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው።

ለተሸካሚ የሚሰጡ ከሆነ ግን ፓስፖርትዎንና መድኃኒትዎን በእጅ ቦርሳ ይያዙ። በመጨረሻው ማታም የነገውን ሱሪና ጫማ ሳያስቀሩ ሻንጣውን በር ላይ አያውጡ፤ ያን የዘነጋ በፒጃማ ጉምሩክ ፊት ይቆማል።