የሃምሳ ሰባቷ ቮልስ

አባቴ መኪናውን ለእንግዳ ሲያስተዋውቅ ሦስት ነገር ይናገር ነበር። «ሃምሳ ሰባት ሞዴል ናት፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፤ ከእኔ በቀር የሰው እጅ አልነካትም።» እኛ ልጆቹ ይህችን ንግግር በቃላችን ይዘናት ስለነበር፣ እሱ «ሃምሳ...» ብሎ ሲጀምር ከበስተኋላው ቆመን በከንፈራችን እንጨርስለት ነበር።

አራተኛም ነበረችው። እሷን የሚያወጣት ግን ሞቅ ሲለው ብቻ ነው። አገራችን በግራ መንዳት ትታ በቀኝ መንዳት የጀመረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት አባቴ በዚህችው ቮልስ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲሄድ ግማሹ ሾፌር በግራ፣ ግማሹ በቀኝ እየመጣበት፣ «ሳንደናገር የተጓዝነው እኔና እሷ ብቻ ነን» ይል ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሲያርፍ በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰኔ አንዷንም አስገባኋት። ለቀስተኛው በእንባው መሐል ፈገግ ሲል አይቼ ደስ አለኝ።

ቮልሷ ከዚያ በኋላ ሸራ ለብሳ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ክረምት አሳለፈች። የሠፈሩ ሰው መቼም ምክር አይነፍግም። አንዱ «ሽጧት» ይላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሁሉን ነገር በባትሪ የሚያስበው ጎረቤቴ ደግሞ «ሞተሯን አውጥተህ ባትሪ ክተትባት» ይለኛል። ነገሩን የቆረጠችው አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። አንተ ብቻ ወደ ኦሪጅናሏ መልሳት» አለችኝ በስልክ።

ወሰድኳት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ጋራዥ። ጋራዥ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የጀርመን መኪና እኛ ጋ የምትፈታው በጣሊያንኛ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ፓራፋንጎ... ኦሪጅናል ፍለጋ የሄድኩት እንግዲህ ቋንቋው ራሱ ከሌላ መኪና ተፈቶ ወደተገጠመበት ቦታ ነው።

«ወደ ኦሪጅናሏ ይመልሱልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ሽማግሌው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝና፣ «ወደ መቼዋ፣ ልጄ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ሥራው ሳይጀመር ወሬው ተሰማና አንድ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ደላላ አስከትሎ መጣ። «ሃምሳ ሰባቱ በፈረንጅ ከሆነ፣ ሞተሯም አብሯት የተወለደ ከሆነ፣ ዋጋውን እርስዎ ይጥሩ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር የመሸጥ ሐሳብ አልነበረኝም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ልጅ ያለው ሰው «ዋጋውን እርስዎ ይጥሩ» ሲባል ጆሮው መቆሙ አይቀርም።

እናላችሁ ምርመራው በዚህ ተጀመረ። ሊብሬዋ ላይ «የተሠራችበት ዘመን 1957» ይላል፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ግን አይልም። በፈረንጆቹ 1957 እስከ ሐምሌ ድረስ የተሠራች ቮልስ የኋላ መስታወቷ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰፊና ባለ አራት ማዕዘን ሆነዋል። የእኛዋ ሰፊ ነው። «ምናልባት ቆርጠው አስፍተውት ይሆን?» አልኩ። ሰው የሚፈልገው ነገር ሲኖር የማይገምተው የለም።

ሽማግሌው የኋላውን ወንበር አነሡና በመሐል በሚያልፈው የወለሉ ብረት ላይ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አሹበት። የሻንሲ ቁጥሯ ብቅ አለ። በ115 ይጀምራል። 11ዱ የመኪናዋ ዓይነት ነው። 5ቷ ደግሞ የ1965 ሞዴል፣ ማለትም ከኦገስት 1964 ወዲህ የተመረተች መሆኗን ትናገራለች። ስለዚህ ሃምሳ ሰባቱ የእኛው ሃምሳ ሰባት ነው። በአንድ ጨርቅ ጠረጋ ስምንት ዓመት ቀነሰችብኝ። ሰው ቢሆን ደስ ባለው፤ አሮጌ መኪና ግን ዕድሜ ሲቀንስላት ዋጋዋም ይቀንስባታል።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ሰኔ 1 ቀን 1956! ያን ዕለት ቮልሷ አልተወለደችም። አባቴ ገና ያልተሠራች መኪና ሲነዳ ነበር ማለት ነው። ይህንንም እኔ ጽፌ በቀብሩ ላይ አስነብቤዋለሁ።

ነገሩ እልህ አስያዘኝ። ጀርመን አገር፣ ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም የሻንሲ ቁጥር ለላከለት ሰው የመኪናውን የልደት ወረቀት እንደሚሰጥ ሰምቼ ጻፍኩላቸው። መጣልኝ። እኔ ራሴ የልደት ካርድ ያወጣሁት ለፓስፖርት ብዬ በአርባ ዓመቴ ነው፤ የቮልሷ ግን ከነወሩ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ጃንዋሪ 1965 ተመረተች፤ በእኛ ጥር 1957 መሆኑ ነው። ሞተሯ 1200፣ መድረሻዋ ኢትዮጵያ። ቀለሟ ነጭ።

ነጭ? እኛ እኮ ሰማያዊ እንጂ ሌላ ቀለም አናውቅላትም። ሽማግሌው የቤንዚን ጋኑን አውርደው ቀለም ቀቢ እጁ ከማይደርስበት ከጋኑ ጀርባ ቢያዩ፣ እውነትም ነጭ። የግራውን በር በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ሲያደርጉት ደግሞ ከሰማያዊው ሥር የወጣው አረንጓዴ ነው። ነጭ የሚባል ነገር የለበትም፤ በሩ የሌላ መኪና ነው።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ሄድን። ቁጥሩ የሚገኘው ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው። የሚጀምረው በ«ኤፍ» ፊደል። ኤፍ የ1300 ሞተር ምልክት ነው፤ 1300 ደግሞ የወጣው በኦገስት 1965 ነው። ቮልሷ ስትወለድ ሞተሩ አልነበረም። አብሯት የተወለደ ሳይሆን የእንጀራ ልጇ ነው።

ሊብሬዋን ያን ጊዜ ነው እንደ ሰው የገለጥኳት። ለካ አባቴ የመጀመሪያ ባለቤቷ አይደለም። መጀመሪያ የአንድ ንግድ ቤት ነበረች፤ ወደ እሱ የዞረችው በ1964 ዓ.ም. ነው። የሞተር ቁጥሯም በቀይ እስክሪፕቶ ተሰርዞ፣ ከላይ በኤፍ የሚጀምረው ቁጥር ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበታል። ዘመኑ 1981። ይህ ሁሉ ዘመን እውነቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሊብሬው አንድ ቀን አልዋሸም፤ እኛ አላነበብነውም እንጂ።

ሽማግሌው በመጨረሻ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ምንጣፍ ሲገልጡ እፍኝ የሚሞላ አሸዋ አገኙ። «ምጽዋ ነበረች እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የማውቀው ነገር የለም።

ደላላው ነገሩን ሁሉ ሲሰማ ትንሽም አልደነገጠ። «ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ኤፏን አጥፍቶ የፈለጉትን ቁጥር የሚመታ ልጅ አለ። የግማሽ ቀን ሥራ ናት።»

አንባቢዬ፣ ወዲያው አልተቆጣሁም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሒሳብ ሳሰላ አመሸሁ። እንዲያውም ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ይብሳል። አባቴ «ከፋብሪካ እንደወጣች ናት» ብሎ የለም? ቁጥሩን ባስመታ የአባቴን ቃል እውነት ማድረግ አይደለም እንዴ?

በማግስቱ እናቴ ጋ ሄድኩ። ቡና አፍልታ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ የመኪናዋን ሞተር ለምን ቀየረው?»

ሲኒውን ከመቅዳት አላቋረጠችም። «መቀየር አይደለም፤ ሸጦት ነው» አለችኝ። «እህትህ በሰባ ስምንት ስትሄድ ትምህርቱን ሰጧት እንጂ ትኬት አልሰጧትም። ዕቁቡም፣ የእኔም ወርቅ ተደምሮ አልሞላም። ሞተሩ እኮ የእህትህ ትኬት ነው።»

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። አንድ ማታ ሁለት ሰዎች መጥተው፣ እኛ ተኝተን፣ ፈትተው ወሰዱት። ሞተሯ ከኋላ በመሆኑ ክብደቱ ሲለቃት ከኋላ ወደ ላይ ቀና አለች። አባቴ «ጎረቤት ያያል» ብሎ በሌሊት ሁለት ጆንያ አሸዋ ጫነባት። አሸዋው ይኸው ነው፤ የምጽዋ ሳይሆን የአባቴ ይሉኝታ ነው።

እኔ ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። እሁድ እሁድ ቮልሷን ስናጥብ ትዝ ይለኛል። እኛ ውኃ እናመላልሳለን፣ አባቴ በሳሙና ያሻታል፣ በጨርቅ ያደርቃታል። «አባዬ፣ አንሸራሽረና» ስንለው «ቤንዚን ጠፍቷል» ይለናል። በዚያ ዘመን ቤንዚን ጠፋ ሲባል ማን ይጠራጠራል? እናላችሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞተር የሌላት መኪና አጥበናል።

በሰማንያ አንድ ከአንዲት የተጋጨች አረንጓዴ ቮልስ 1300ውን ሞተር ገዛ። ከ34 የፈረስ ጉልበት ወደ 40 መሆኑ ነው። ከለመደው በረታበትና በመጀመሪያው ቀን ከግቢው በር ጋር አጋጫት። ያን ጊዜ ከዚያችው አረንጓዴ ቮልስ የግራዋን በር ጨመረ። «ሰማያዊውን ግን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «በስልሳ አራት ስንጋባ ነጭ ነበረች። ሰማያዊ ካላደረግካት አልገባባትም አልኩት።»

«ሰኔ አንዷስ?»

ሳቀች። «እሱማ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነድቶት ነው። እሱ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። መንጃ ፈቃድ መቼ ነበረውና!»

ለእህቴ ደወልኩና ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ስል፣ «ኤርፖርት የሄድነው እኮ በታክሲ ነው» አለችኝ። «ለምን በቮልሷ አንሄድም ስለው ‹ፍሬኗ አልጣመኝም› አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ፍሬኑ ነው ብዬ አምናለሁ።»

የሽማግሌው ጥያቄ ቀልድ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ መቼዋ? ወደ ጥር ሃምሳ ሰባት ከመለስኳት ነጭ አስቀብቼ የእናቴን ምርጫ አጠፋለሁ። ወደ ስልሳ አራት ከመለስኳት 1200 ሞተር ፈልጌ አስገብቼ፣ ያንን ሌሊት እንዳልነበረ አደርገዋለሁ። አንድን ዘመን ለመመለስ ሌላውን መፋቅ የግድ ነው።

«አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ወዳቆማት ቀን» አልኳቸው ሽማግሌውን። ዝገቱ ተነሣ፣ ላሜራው ተቃና፣ ሰማያዊው ታደሰ። አረንጓዴው በር እዚያው አለ፤ ሲከፈት የውስጥ ጠርዙ ቀለም ሳይነካው እንዲቀር ለምኛቸዋለሁ። ሞተሩ ተፈትቶ ታጥቦ ተገጠመ። ኤፏን ማንም አልነካትም።

ለገዢው ሁሉንም ነገርኩት፤ አሸዋውን ጭምር። በአክብሮት አዳምጦኝ፣ ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ዋጋ ጠራ። አልሸጥኩም። ደላላው ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ የሕይወት ታሪክ ነው። ቀብር ላይ የምናስነብበውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ሟች ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። የተጋጨበት የለም፣ የጎደለበት የለም፣ የተቸገረበት የለም። የተጎዳውን ቦታ ስቱኮ እንሞላለን፣ ቀለም እንቀባለን፣ እናስነብባለን። እኔም ባልነዳበት ቀን ያልነዳትን መኪና አስነድቼ፣ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የሚበልጠውን ሳልጽፍለት ቀረሁ። እሱ ጉድለት መስሎት በሁለት ጆንያ አሸዋ ሸፍኖት ነበርና።

አሁን የቮልሷን እውነተኛ ታሪክ በአንድ ገጽ ጽፌ ከልደት ወረቀቷ ጋር መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጫለሁ። እሁድ እሁድ እናቴን ቤተ ክርስቲያን አደርስባታለሁ። መንገድ ላይ ሰው ጠጋ ብሎ «ኦሪጅናል ናት?» ይለኛል።

«ጊዜ አለህ?» እለዋለሁ።