ነጭ ጆሮውን ቆርኬ አጥር ውስጥ ማሳየት አይቻልም

ሰሞኑን ሻይ እየጠጣን የተነሳ ክርክር ነው ይህን የሚያስጽፈኝ። አንድ ባልደረባችን "ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ መካነ አራዊት ቢሠራ ምናለበት?" አለ። ሐሳቡን ያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ የምናስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ ጣቢያው በ2006 ዓ.ም ከተከፈተ በኋላ የተወለዱ ናቸው። በሬን አሳምረው ያውቁታል፤ ከጭቃ ሲሠሩት የቀንዱን አቀማመጥ እንኳ አይስቱም። አንበሳን ግን የሚያውቁት ከቲሸርት ላይ ነው፤ ቀጭኔን ደግሞ ከመጽሐፍ። "ያላዩትን አይወዱም፤ ያልወደዱትን ነገ አይጠብቁትም" ነው የወዳጄ መከራከሪያ።

"አይሆንም" ተብሎ ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እኔ ግን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። ጎፈሩ የጠቆረ ግርማ ያለው አንበሳ ከፍርግርጉ ጀርባ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሁልጊዜ በዚያው መስመር ይሄዳል፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፋል። ልጆቹ "አንበሳ! አንበሳ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ እሱ ቀና ብሎም አያያቸውም። ከዚያ የወጣ ልጅ የአንበሳን መልክ አይቷል። እንዴት እንደሚያድን፣ ግዛቱን እንዴት እንደሚያስከብር ግን ምንም አላየም።

አንበሳ ግቢ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቦታና ገንዘብ በመጥፋቱ ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ፣ ቆዳቸው ተሞልቶ ለጌጥ እንዲቀመጥ ይሸጡ እንደነበር በዓለም ዙሪያ ተዘገበ። ስድስት ዓመት ቆይቶ የዘረመል ተመራማሪዎች እነዚሁ አንበሶች ካነጻጸሯቸው ሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን ይፋ አደረጉ። ሌላ ቦታ ላይገኝ የሚችል ዘር በእጃችን ይዘን ነበር ደቦሎቹን በመርዝ የጨረስነው። በ2012 ዓ.ም በተከፈተው አንድነት ፓርክ ዛሬ ያሉት አንበሶች ከዚያ በብዙ የተሻለ አያያዝ አላቸው፤ ይህ ደስ ይላል። ቢሆንም እንስሳ ማቆየት የዕለት ቀለብ፣ ሐኪምና በቂ ቦታ ለዘለቄታው የሚጠይቅ ዕዳ ነው። በጀት ሲጎድል መጀመሪያ የሚራበው ደግሞ መናገር የማይችለው ነው።

የመካነ አራዊት ደጋፊዎች የሚያነሱት ትልቁ ማስረጃ የዓረቢያ ሳላ ነው። በአደን አልቆ እ.ኤ.አ. በ1972 ከዱር ጠፋ፤ በአጥር ውስጥ የተራባው ዘሩ ግን በ1982 ኦማን በረሃ ላይ እንደገና ተለቀቀ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። አደኑ ተመልሶ መጣ፣ የጥብቅ ስፍራው ክልል ተሸረፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ዩኔስኮ ቦታውን ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው። ዘሩን ማትረፍ ተቻለ፤ መሬቱ ካልተጠበቀ ግን የተረፈው ዘር መመለሻ ያጣል።

የራሳችን ቀይ ቀበሮ ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው፤ በየትኛውም መካነ አራዊት አንድም የለም። እስካሁን ያቆየው ባሌ ላይ ለውሾችም ለቀበሮዎቹም የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና በየተራራው የሚደረገው ጥበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሰሜን ተራሮች ላይ እግሩ የተሰበረ አንድ ቀይ ቀበሮ ተገኘ፤ ተረፈ ብለው ጠሩት። እዚያው ተራራው ላይ መጠለያ ተሠርቶለት ለ51 ቀናት ታከመ፤ ሲድን ተለቀቀ። አጥር ተገቢ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፦ ለእንስሳው ጥቅም፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ መውጫው ታስቦ። ከሕገወጥ ነጋዴ እጅ ተይዞ ወደ ዱር መመለስ ለማይችል አቦሸማኔ ወይም አንበሳ ደግሞ ሆለታ አጠገብ እንዳለው እንሰሳ ኮቴ ያለ ማቆያ ያስፈልጋል። እዚያ አጥሩ የሚያገለግለው የተጎዳውን እንስሳ ነው።

አሁን ወደ ጋምቤላ ልመለስ። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ከደቡብ ሱዳን ቦማ በኩል ሣርና ውሃ እየተከተለ ድንበር የሚሻገረው ነጭ ጆሮ ቆርኬ መድረሻው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በደቡብ ሱዳን በኩል ከአየር ላይ በተደረገ ቆጠራ የሚፈልሱት የቆርኬና መሰል እንስሳት ብዛት ወደ 6 ሚሊዮን ተገምቷል። በየብስ ላይ ይህን የሚያህል የአጥቢ እንስሳት ፍልሰት አልታየም ተብሏል። ወንዱ ጥቁር ነው፤ ጆሮውና የዓይኑ ዙሪያ ነጭ። ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ይዛችሁ ባሮ ዳር ብታጥሩባቸው ለልጁ የምታሳዩት ቆዳና ቀንድ ነው። ቆርኬ ማለት ያ ጉዞ ነው፤ ጉዞውን የሚችል አጥር የለም።

ያ ጉዞ ደግሞ አደጋ ላይ ነው። ጦር መሣሪያው በዝቷል። ሰፋፊ የእርሻ መሬቶች ለባለሀብት ሲሰጡ የእንስሳቱን መተላለፊያ ነክተዋል። ማገዶ የሚለቅም ስደተኛና ነዋሪ ሌላ ማብሰያ ስለሌለው ነው ጫካ የሚገባው፤ እሱን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው።

ስለዚህ ለወዳጄ መልሴ ይህ ነው። ልጆቹ ማየት አለባቸው፤ እዚህ ላይ እንስማማለን። ለመካነ አራዊት የሚገኝ ብር ካለ ግን ፓርኩን ለሚጠብቁት ስካውቶች ደመወዝና ተሽከርካሪ ይዋል። ለኩሌና ለአጎራባቿ ኢታንግ ተማሪዎች አውቶቡስ ይመደብ፤ ለስደተኞቹ ልጆች የይለፍ ወረቀት ይጻፍላቸው፤ ፓርኩ ድረስ ሄደው በዓይናቸው ይዩ። አካባቢያቸው በዓለም ብርቅ የሆነ ሀብት ያለበት መሆኑን ያወቁ ልጆች ነገ ስካውት፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ተመራማሪ ይሆናሉ። የዱር እንስሳን ለልጆቻችን ማውረስ የምንችለው መሬቱን አብረን ካወረስናቸው ብቻ ነው።