ወለባና ወይራ

የዚህ መጽሔት አንባቢ ገጹን ሲገልጥ ስለ አገር፣ ስለ ትግልና ስለ ስደት የተጻፈ ነገር እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስንዝር ስለማትሞላ እንጨት ነው፤ ረጅም ጠጉር ተጠቅልሎ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ እንዳይፈታ ስለምትሰካው ወስፌ መሰል እንጨት። ነገሩ ቀላል ነው ብሎ የሚያልፈኝ ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም ራሴ በሜልበርን ከተማ ሦስት ጊዜ እስኪሰበርብኝ ድረስ ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ዳሩ ግን ጠጉር በእኛ ዘንድ ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። ቁንጮው የሕፃኑን፣ ጋሜው የልጃገረዲቱን፣ ጎፈሬው የጐበዙን፣ ሹሩባው የወይዘሮዋን ወግ ሲናገር ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ ከሹሩባቸው ላይ የተቆረጠው ዘለላ ባሕር ተሻግሮ በባዕድ እጅ መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ኖረ። በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። አንድ መንግሥት አንዲት ዘለላ ጠጉር ለመቀበል ልዑካን ከላከ፣ አንዲት ተማሪ ስለ ጠጉሯ ማሰሪያ ጥቂት ገጽ ብትጽፍ ነውር አይሆንባትም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሥራ ቦታ ነው። ቀን እማራለሁ፤ ሌሊት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። የቤቱ ደንብ ጠጉር ከአንገት በላይ ተሰብስቦ እንዲታሰር ያዛል። ሹሩባ እንዳልሠራ፣ እንደ አገር ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በጉልበቷ መካከል አስቀምጣ የምትጎነጉንልኝ እኅት እዚህ የለችኝም፤ በፉትስክሬይ ሰፈር ባሉት የአገራችን ልጆች ጠጉር ቤቶች ዘወትር ለመሠራትም ኪሴ አይፈቅድም። ላስቲኩ ደግሞ ጠጉሬን በጣጥሶ ጨረሰው። ስለዚህ ከአንድ ሱቅ በመደዳ ከተሰቀሉት ባለቀለም የፕላስቲክ እንጨቶች አንዱን ገዛሁ።

አንድ ሌሊት አንዲት ባልቴት ከአልጋቸው ደግፌ ሳነሣ አናቴ ላይ ቀጭ አለ። ጠጉሬ በፊቴ ላይ ተዘረገፈ፤ ስባሪውም ከሴትዮዋ ክንድ አጠገብ አንሶላው ላይ ወደቀ። ጫፉ እንደ ብርጭቆ ስባሪ የሰላ ነበረ። የአረጋዊ ሰው ቆዳ እንደ ወረቀት የሳሳ መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። ተቆጣጣሪዋ አንሥታ ተመለከተችውና፣ «ይህ ቆዳቸውን ቢገሸልጠው ኖሮ ምን ትይ ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሥራ የማገኘው ገንዘብ የትምህርቴም፣ ወደ ጎንደር የሚሄደው የእናትና የአባቴ መደጎሚያም ነበርና በፍርሃት ሌሊቱን ሙሉ ጠጉሬን በሻሽ ጠምጥሜ አደርኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን እንደ ትምህርት የያዝኩት። ጠጉር ይጠመዘዛል፤ ተጠምዝዞም በራሱ ዙሪያ ይጠቀለላል። እንጨቱ በጥቅሉ ጠርዝ ገብቶ ከራስ ቅሉ አጠገብ ካለው ጠጉር ጥቂት ይይዛል፤ ከዚያም ተገልብጦ በጥቅሉ ሥር ሾልኮ በሌላው ወገን ይወጣል። የሚይዘው በውጥረት ነው፤ ጥቅሉ ሊፈታ ይስባል፣ እንጨቱ ይከለክለዋል። ስለዚህ የሚጎብጠውም የሚሰበረውም መካከሉ ላይ ነው። ርዝመቱ ከጥቅሉ በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ጣት መትረፍ አለበት፤ የእኔ ጥቅል ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ዐሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ ካጠረ ይሾልካል፤ ከረዘመ በበር መቃንና በመኪና ወንበር ይያዛል። ጫፉ የራስ ቆዳ እንዳይወጋ መዶልዶም ይገባዋል። የእኛ ከርዳዳ ጠጉር በተፈጥሮው ስለሚይዝ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ልባጥ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ልባጡ ሲላጥ ጠጉር ይነጫል።

ሁለተኛውን የመረጥኩት በልብ እንጂ በአእምሮ አልነበረም። በዚህ ከተማ በያራ ወንዝ ዳር ያረጁ ቀያይ ባሕር ዛፎች አሉ። አዲስ አበባን ያለበሳት ባሕር ዛፍ፣ ማገዶ ባለቀበት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው፣ ዘሩ የዚህ አህጉር ነው። የሜልበርንን የዕፀዋት መናፈሻ ከ1857 እስከ 1873 እ.ኤ.አ. ይመራ የነበረው ፈርዲናንድ ፎን ሙለርም የባሕር ዛፍን ጥቅም ለዓለም በመስበክና ዘሩን በየአገሩ በመላክ የታወቀ ሰው ነው። ስለዚህ በአንድ የእሑድ ገበያ ከቀይ ባሕር ዛፍ የተጠረበ የጠጉር እንጨት ባየሁ ጊዜ፣ ሁለቱን አገሮቼን ያገናኘልኝ መሰለኝ። ቀለሙ እንደ ደረቀ በርበሬ ነበረ። በሦስተኛው ወር መካከሉ ላይ ተገመሰ።

ሦስተኛው የቀንድ ነበረ። ቀላል፣ ለስላሳ፣ ለጠጉርም የሚመች ነገር ነው። ይሁን እንጂ ቀንድ እንደ ጥፍር ንብርብር ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ውኃና ሙቀት ጠላቶቹ ናቸው። የሜልበርን በጋ ደግሞ ከሰሜን በሚነፍስ ደረቅ ነፋስ ታጅቦ አርባ ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። በመስኮት ደፍ ላይ ረስቼው ወጥቼ ማታ ስመለስ ተጣሞና ተሰንጥቆ አገኘሁት።

ስባሪዎቹን ይዤ ወደዚያው ገበያ ተመለስኩ። በቶርኖ እንጨት የሚያለዝብ አንድ ሽማግሌ ነበረ፤ የቀይ ባሕር ዛፉን ስባሪ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ጅማቱን በጥፍሩ እየተከተለ አሳየኝ። የቀይ ባሕር ዛፍ ጅማት ይጠላለፋል፤ ለምሰሶና ለባቡር ሐዲድ ተጋዳሚ ጥንካሬ የሚሆነው ይኸው መጠላለፍ፣ እንደ ጣት በቀጠነ እንጨት ላይ ድካም ይሆናል። ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሄድ ሲገባው፣ በመካከል አቋርጦ ወደ ጎን የወጣ እንደሆነ እንጨቱ የሚሰበረው በዚያው ነው። «እንጨቱ ምን ያህል ጠጣር ነው ብለሽ አትጠይቂ» አለኝ፤ «ጅማቱ ወዴት ይሄዳል ብለሽ ጠይቂ።»

ከዚያም ከሣጥኑ ሥር አንድ ቁራጭ አወጣ። ቡናማ፣ ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ ለመጠኑ የሚከብድ እንጨት ነበረ። ከወደ ሲድኒ ምዕራብ የመጣ መሆኑንና በዚያ እንደ አረም ተቆጥሮ እየተመነጠረ መሆኑን ነገረኝ። ስሙን ስጠይቀው «የአፍሪካ ወይራ» አለኝ።

ወይራ! የቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ የእረኛ ዱላ፣ የመፋቂያና የጠላ ጋን ማጠኛ የሆነው የእኛው ወይራ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አውስትራልያ ገብቶ፣ ፍሬውን ወፎች እየበተኑለት በየጫካው ገባ፤ ጥላውም የአገሩን ተክል አላሳድግ ስላለ በኒው ሳውዝ ዌልስ በአረምነት ይነቀላል። በአገሩ ሲመነመን የምናዝንለት ዛፍ እዚህ እንደ ጥፋተኛ ሲታደን መስማት ግራ ያጋባል። በሽማግሌው ግን አልፈረድኩም፤ የአገሩ ተክል ለእርሱ ወይራ ለእኔ እንደሆነው ያለ ነው። ወይራም ቢሆን ግንዱ ጠማማ ስለሆነ ሁሉም ቁራጭ አይሆንም፤ ጅማቱ ቀጥ ያለውን መርጠን ከአንዱ ቁራጭ ሁለት የጠጉር እንጨት እንዲያወጣልኝ ለመንኩት። ፍቅፋቂውንም በወረቀት ጠቅልዬ ወሰድኩ። በዚያች ማታ በከሰል ላይ ብበትነው የእናቴ የጠላ ጋን ሽታ ክፍሌን ሞላው።

ሁለተኛው እንጨት ለእናቴ ነበረ። እናቴ የብር ወለባ ነበራት፤ የአያቴ እናት ከአንጥረኛ ዘንድ ጠገራ ብር አስቀልጣ ያሠራችው። በጠገራው ውስጥ ከሺው እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ የሚጎብጠውን ወለባ ያጸናው ያ መዳብ ይሆናል። በአራት ትውልድ ራስ ላይ ተሰክቶ ያልተሰበረው ወለባ፣ እኔ ወደዚህ ለመምጣት የአውሮፕላን ቲኬት ስቆርጥ ከሌላው ጌጥ ጋር ተሸጠ። ማንም አልነገረኝም፤ ስንብት ዕለት እናቴ ጠጉሯን በስፌት ወስፌ ሰክታ ስትሸኘኝ አየሁና ገባኝ። ከዚያ ወዲህ የሚተካ ነገር ሳልክላት እንዳልቀር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

እንጨቱን ለማስለካት ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ጠጉርሽን ጠቅልዪና የጥቅሉን ስፋት በጣትሽ ለክተሽ ንገሪኝ» አልኳት።

ዝም አለች። «ለምን ፈለግሽው?»

«ለወለባሽ ምትክ አግኝቻለሁ። ወይራ ነው። ርዝመቱን ልወቅ ብዬ ነው።»

«አሁን አያስፈልገኝም፣ ልጄ።»

«ቆረጥሽው እንዴ?»

እንደገና ዝም አለች። ከኋላዋ የእኅቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ምን እንዳለች አልለየሁትም። በመጨረሻ እናቴ፣ «ፈተናሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ። በአገራችን ኀዘን የደረሰባት ሴት ጠጉሯን ትላጫለች፤ በባዕድ አገር ላለ ተማሪም መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ፈተናው እስኪያልፍ ይደበቃል። አባቴ ለሁለት ወር ያህል በደወልኩ ቁጥር ወይ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል ሲባል ነበር። እኔም አምን ነበር፤ ወይም ማመን እፈልግ ነበር። «በሚመጣው ሳምንት ያልቃል» አልኳት። «እንግዲያው በርቺ» አለችኝ። ስለ አባቴ አልጠየቅኳትም፤ እርስዋም አልነገረችኝም። ያን የመሰለ ከባድ ዝምታ ከእናቴ ጋር ተካፍዬ አላውቅም።

ፈተናውን ተፈተንኩ። ካለቀ በኋላ እሑድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከፉትስክሬይ ሽማግሌዎችና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናቶች በሬን አንኳኩ። ያወቅሁትን መርዶ እንደማላውቅ ሆኜ ሰማሁ። ልቅሶው ግን የውሸት አልነበረም፤ ሳምንቱን ሙሉ አምቄው የቆየሁትን ነው ያለቀስኩት። ከሴቶቹ አንዲቱ ጠጉሬን ልትፈታ እጇን ስትዘረጋ የወይራውን እንጨት ነቅላ በመዳፌ አስጨበጠችኝ። ጨብጬው ዋልኩ።

ለጠጉር እንጨት የሚጠነቀቅ ሰው ቢጠይቀኝ አሁን የምነግረው ጥቂት ነው። ጅማቱን በብርሃን ተመልከት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልሄደውን አትግዛ። መካከሉ ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። በውኃ አትዘፍዝፈው፤ በበጋ በመስኮት ወይም በመኪና ውስጥ አትተወው። ሲሻክር በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሽተህ የተልባ ዘይት ቀባው፤ ዘይቱ እስኪደርቅ ግን ጠጉር ውስጥ አታግባው። ጠጉሯን ቅቤ የምትቀባ ሴት ደግሞ ለጠጉሯ የተረፈውን ለእንጨቱም ታሸው። ብዙ ዕድሜ የሚኖረው ጠጣሩ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀው ያገኘውም ነው።

የእናቴን ድርሻ በመንገደኛ ላክሁላት። የጥቅሏን ስፋት የሚነግረኝ ስላልነበረ በትዝታዬ ለክቼ ዐሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር አስቆረጥኩት። ተላጭቶ የሚበቅል ጠጉር በወር ከአንድ ሳንቲ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ጥቅል ሆኖ እንጨት ለመያዝ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። እኅቴ እንደነገረችኝ፣ እናቴ እንጨቱን ወለባው ይቀመጥበት በነበረው ሙዳይ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ በየወሩም መባቻ አውጥታ ቅቤ ታሸዋለች።

ተዝካሩ ከወጣ እነሆ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ባለፈው እሑድ ስደውልላት ሳልጠይቃት ራሷ አነሣችው።

«ሞከርኩት» አለችኝ።

«ያዘልሽ?»

«ገና ነው። ከጆሮዬ ነው የወረደው። ግን አልወደቀም እስክስቅ ድረስ።»

ስትስቅ ከሰማኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።