እንጀራውን ማን ጋገረው?

ሲኒማ ቤት ገብታችሁ ፊልሙ ሲያልቅ፣ በነጭ ፊደል እየተግተለተለ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር ቁጭ ብላችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላነብም ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ታክሲ ሳይጠፋ ለመድረስ እጣደፋለሁ። ያንን ዝርዝር እንዳነብ ያስተማረችኝ ከሰባተኛ ክፍል ተነሥታ የተዳረች አንዲት የፎገራ ሴት ናት። ዛሬ የማጫውታችሁ የእርሷን ነገር ነው።

ትውልዴ ወረታ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ ከተማዋን ያውቃታል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከእርሷ ላይ ነው። ዙሪያዋን የፎገራ ሜዳ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል፤ ለሌላው እህል ያልተመቸው ውኃ ለሩዝ ተስማማው። ታኅሣሥ ሲገባ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ወደ መፈልፈያ ቤት ይጋዛል፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደግሞ የሰርግ ወራት ይሆናል።

በአንድ ዴስክ አብራኝ የምትቀመጠው ባልንጀራዬ ከክፍል የቀረችው በ1995 ዓ.ም. ጥር ወር ነበር። ሁለታችንም የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ነበርን። መምህራችን ሦስት ቀን ስሟን ጠራ፤ በአራተኛው ቀን ዘለለው። እኔ ከዚያ ዕጣ የዳንሁት ከእርሷ በልጬ አይደለም። እናቴ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር «ልጅቱ ትምህርቷን ትጨርስ» እያለች ስለ መለሰች ነው። ኋላ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ገባሁ፤ ስለ ብዙ ሴቶችም ጻፍሁ። ስለ ባልንጀራዬ ግን አንድ መስመር አልወጣኝም። እውነቱን ልናገርና፣ የእኔ መትረፍ ያሳፍረኝ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ እናቴን ልጠይቅ ወረታ ወረድሁ። በኮምፒዩተሬ ውስጥ «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ይዤ ነበር። አንድ ቀን ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ባልንጀራዬ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከሆነች ልጇ ጋር መጥታ፣ ጎረቤትም ተጨምሮ አብረን አየነው።

ፊልሙን ላላያችሁት፣ የተነሣበት ጉዳይ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትል በጠመንጃ ጠላፊዋን ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሥራችነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ይዞ ተሟገተላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ ለቀቃት። በዚያን ጊዜ ሲሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። ይህ በር የተዘጋው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ነው።

ፈረሰኞቹ ልጅቱን ሲከቧት እናቴ ፊቷን አዞረች። ባልንጀራዬ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ፊልሙ ሲያልቅ እንደ ልማዴ ልዘጋው እጄን ስዘረጋ፣

«ቆይ፣ አትዝጊው! ይህ ሁሉ የሰው ስም ነው?» አለችኝ።

«አዎ፤ የሠሩት ሰዎች ናቸው።»

«ታዲያ ለዚህ ሁሉ ሰው እንጀራውን ማን ጋገረው? ገንዘቡንስ ማን አወጣው?»

ልጇ የእንግሊዝኛውን ፊደል እየለቀመች «ፕሮዲዩሰር ይላል» አለችና ትርጉሙን ጠየቀችኝ። ገንዘብ የሚያፈላልግ፣ ጸሐፊውን፣ ዳይሬክተሩንና ተዋናዮቹን የሚያገናኝ፣ ፈቃድ የሚያወጣ፣ ምግቡንና መጓጓዣውን የሚያሰናዳ፣ ፊልሙ ካለቀም በኋላ ተመልካች ዘንድ እስኪደርስ የሚሮጥ ሰው ነው፤ ሥራው ቢከስር ተጠያቂው እርሱ ነው ብዬ ነገርኋት።

«የድግስ ባለቤት በይኛ!» አለች ባልንጀራዬ። «ሙሽራዋን ሁሉም ያያል፤ ጠላ የጠመቀችውን የሚያያት የለም።» ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ለእኔ ለሰርጌ ደጋሽ አልጠፋም፤ ለትምህርቴ ነው ደጋሽ የጠፋው» አለች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አዲስ አበባ ስመለስ ስለ ፊልሙ ፕሮዲዩሰሮች ማንበብ ጀመርሁ። ከእነርሱ አንዷ ዶክተር ምሕረት ማንደፍሮ ናቸው። ኢትዮጵያ ተወልደው አሜሪካ ያደጉ፣ በሐርቫርድ ሕክምና የተማሩ ሐኪም ናቸው። በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር፣ ኤች.አይ.ቪ. ጥቁር ሴቶችን ለምን እንደሚያጠቃ ሲመረምሩ ቆይተዋል፤ ይህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 «ኦል ኦቭ አስ» በተባለ ዘጋቢ ፊልም ቀርቧል። ከዚያ ራሳቸው ፊልም ወደ መሥራት ገቡ። ሐኪም ፊልም ውስጥ ምን አገባው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሳስበው፣ ክኒን የማይደርስበት በሽታ አለ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መዳር ከነዚህ አንዱ ነው።

ዳይሬክተሩ አቶ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የፊልም ሙያ የተማሩ ናቸው። «ድፍረት» በቪዲዮ ሳይሆን በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው የተቀረጸው፤ ይህ ደግሞ ወጪው ቀላል አይደለም። የሆሊውዷ አንጀሊና ጆሊና አዲስ አበባ የተወለዱት ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርነት ስማቸውን አኑረውለታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ፣ ቀጥሎም በበርሊን የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ።

ይህ ሙያ በሆሊውድም ቢሆን ለሴት በቀላሉ የተከፈተ አልነበረም። የኦስካር «ምርጥ ፊልም» ሽልማት ሲሰጥ የሚቀበሉት ፕሮዲዩሰሮቹ ናቸው። ሽልማቱ እ.ኤ.አ. በ1929 ተጀምሮ፣ በፕሮዲዩሰርነቷ ያን ዋንጫ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት ጁሊያ ፊሊፕስ ስትሆን፣ «ዘ ስቲንግ» በተባለው ፊልም ነው፤ ዓመቱም 1974 ነበር። አርባ አምስት ዓመት መሆኑ ነው።

ነገር ግን ሌላም ያስተዋልሁት ነገር አለ። «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ሕይወቷ ለፊልሙ መነሻ የሆነው ሴት መብት ነበር። ኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። በዚህ ማን ጥፋተኛ ነው ለማለት ዳኛ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ድግሱን የሚደግስ ሰው የቤቱን ባለቤት አስቀድሞ ማስፈቀድ እንዳለበት ተማርሁበት። ስለዚህ ይህን ከመጻፌ በፊት ለባልንጀራዬ ደወልሁላት። «ስሜን ተዪውና ጻፊው፤ ደጋሽ ያጣችው እኔ ብቻ አይደለሁማ» አለችኝ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሽማግሌ እግር እንደሚበረታ የአገሬ ሴት ታውቀዋለች። የባልንጀራዬ ልጅ ግን አልተዳረችም። እናቷ ባሕር ዳር አንዲት ዘመድ ዘንድ ጠጋ አድርጋ፣ ጎጆ የምታክል ክፍል ተከራይታላት ትማራለች። ኪራዩ የሚከፈለው ከሩዙ ነው። ማን ያስጠናታል፣ ማን ይሸኛታል፣ ደብተሩ በምን ይገዛል የሚለውን ሁሉ የምታሰላው ያች ከሰባተኛ ክፍል የቀረች ሴት ናት። የእርሷ ስም በምንም ሰሌዳ ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ እናቶች፣ ፊልም ስታዩ እስከ መጨረሻው ቁጭ በሉ። ልጆቻችሁ ስሞቹን ያንብቡላችሁ፤ ማን ምን እንደ ሠራም ይጠይቁ። ከዚያ በየቤታችሁ፣ በየፋብሪካችሁ፣ በየቢሯችሁ እንጀራውን የጋገረችው ማን እንደ ሆነች መለስ ብላችሁ አስቡ። ከዘመድ ወገን ለትምህርቷ ደጋሽ ያጣች ልጅ ካለችም፣ የአንድ ደብተር ወጪ ቢሆን እናንተ ያዙ።

ባለፈው ሳምንት ለባልንጀራዬ ስደውልላት ከበስተኋላዋ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል። «ሁለት ኬሻ ይዤ መፈልፈያው ወረፋ ላይ ነኝ። የልጅቱ ኪራይ ደርሷል፤ ማታ ደውዪልኝ» ብላ ዘጋችው።