ስለ ድምፅ መዝገብ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለው ተናግረዋል። ይህም ቃል በዘመናቸው እውነት ነበረ፤ ዛሬም ሐሰት አልሆነም። ነገር ግን በኛ ዘመን ሌላ ነገር ተጨምሮበታል፤ ይኸውም ሳይጻፍ በድምፅነቱ እንዳለ የሚወረስ ቃል ነው። እኔ ይህን በእውነት ያስተዋልሁት ባለፈው ክረምት በአንድ ሌሊት ነው፤ ባስተዋልሁም ጊዜ ደስታና ጸጸት በአንድነት መጡብኝ። የሁለቱንም ምክንያት ለአንባቢዎች መግለጥ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ይህን ጥቂት ነገር ጻፍሁ።

የተወለድሁትና ያደግሁት በአራዳ፤ ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ነው። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በቤታችን ከመጻሕፍት ቀጥሎ የሚከበረው ዕቃ ራዲዮ ነበር፤ እናቴ በእጅዋ የሠራችውን ዳንቴል ለብሶ ከመደርደሪያው ላይ ይቀመጣል፤ ከአባቴም በቀር የሚነካው ሰው አልነበረም። ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርክ ጎረቤት ሁሉ በቤታችን ይሰበሰብ ነበር። ቡና ይፈላል፤ ነገር ግን ሲኒ እንዳይንኳኳ እናቴ በጣትዋ ታስጠነቅቅ ነበር።

አባቴ ቴፕ ከገዙ በኋላ ትረካውን በካሴት መቅዳት ጀመሩ። ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩና በያንዳንዱ ካሴት መጀመሪያ ቀኑንና የክፍሉን ቍጥር በራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ፤ ክፍሉም ሲያልቅ «እንግዲህ ለሚቀጥለው ያድርሰን» ብለው ይዘጋሉ። ካሴት በዚያን ጊዜ ውድ ስለ ነበረ የነበሩን አራት ብቻ ናቸው። ሦስቱ በሳጥን፤ አንዱ በጠረጴዛው መሳቢያ ይቀመጡ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የእግር ኳስ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደርጎ ኢትዮጵያ ስታሸንፍ እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁ። የፍጻሜውን ጨዋታ ከራዲዮ ለመቅዳት ፈልጌ ባዶ ካሴት አጣሁ፤ በመሳቢያ ያለችውን አውጥቼ በላይዋ ቀዳሁባት። አባቴ ባወቁ ጊዜ ይመቱኛል ብዬ ፈራሁ። እርሳቸው ግን ካሴቷን በእጃቸው ገልበጥ አድርገው አዩና «ምን ይደረጋል፤ ትረካው እንደ ሆነ ተመልሶ ይነገራል» ብለው ብቻ ዝም አሉ። እኔም ስለ ተማርሁ ደስ ብሎኝ ወደ ጨዋታዬ ሄድሁ።

አባቴ ካረፉ በኋላ ድምፃቸውን ለመስማት ካሴቶቹን አወጣን። በሳጥን የነበሩት ሦስቱ እርጥበት አግኝቷቸው ክራቸው ተጣብቆ ነበር፤ አልሠሩም። በመሳቢያ የነበረችው አራተኛዋ ግን ደኅና ነበረች። በቴፑ ባስገባናት ጊዜ የሕዝብ ጩኸትና የኳስ ወሬ አሰማችን። በዚያን ሰዓት እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔም ዐይኗን ማየት አልቻልሁም።

ብዙ ዘመን አለፈ። ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ልትጠይቀኝ መጥታ «ጋሼ፤ ራዲዮ ትወዳለህ አይደል? እስቲ ይህን እይ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። በስልኩ መስተዋት ላይ የምድር ሉል ይታያል፤ በላዩም እንደ ዘር የተበተኑ አረንጓዴ ነጥቦች አሉበት። ይህ ራዲዮ ጋርደን የሚባለው በ2016 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር የተከፈተው ሥራ ነው። ሉሉን በጣት እያዞሩ በአንዱ ነጥብ ላይ ሲያቆሙ በዚያ ከተማ በዚያች ሰዓት የሚነገረው ራዲዮ ይሰማል።

በልጅነቴ የሩቅ አገር ራዲዮ በአጭር ሞገድ ሲመጣ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ተመልሶ ነበርና እንደ ሌሊቱ ሁኔታ ይጠራል ወይም ይሰወራል፤ አባቴም ቍልፉን በብዙ ትዕግሥት ያዞሩ ነበር። አሁን ግን ድምፁ ወደ ቍጥር ተለውጦ በባሕር ወለል በተዘረጋ የብርጭቆ ክር ውስጥ በብርሃን ይጓዛል፤ ጓጓታና ፉጨት የለበትም።

ልጅቱ ከተኛች በኋላ እኔ ብቻዬን ፍለጋዬን ቀጠልሁ። የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የጥንቱንም ድምፅ የሚያኖሩ መዛግብት እንዳሉ አየሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ያስደነቀኝ የዳግማዊ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ድምፅ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃሏን በፎኖግራፍ ቀርጻ ለንጉሠ ነገሥቱ ላከች፤ ከተሰማም በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ነበርና ያ ቅርጽ ጠፋ። በሚከተለውም ዓመት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በተራቸው መልሳቸውን በፎኖግራፍ ተናግረው ላኩ፤ ይህ ግን በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ እስከኛ ደረሰ። በየቀኑ በጊዮርጊስ ፊት በፈረስ ላይ ተቀምጠው የማያቸው ንጉሥ በሌሊት በቤቴ ተናገሩኝ። ድምፁ ደካማና የሚያንሿሽ ቢሆንም የሰው ድምፅ ነው፤ ትንፋሽም አለበት። ሐውልቱን ያህል ዘመን ሳየው ኖሬ ንጉሡ እንደ እኔ የሚተነፍሱ ሰው እንደ ነበሩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የወጋየሁን ስም ጽፌ ፈለግሁ። ተገኘ! ማንነቱን የማላውቀው ሰው ከራዲዮ የተቀዳውን ትረካ ከያለበት ሰብስቦ ለሁሉ አኑሮታል። አባቴ «ተመልሶ ይነገራል» ያሉት ቃል ተፈጸመ። መብራቱን አጥፍቼ እስከ ንጋት ሰማሁ፤ የእናቴ ጣት፤ የቡናው ሽታ፤ የጎረቤቶቻችን ዝምታ ሁሉ ተመለሱልኝ። ክፍሉ ሲያልቅ ግን ሳላስበው ጆሮዬን አቅርቤ ቆየሁ፤ የጠበቅሁትም «ለሚቀጥለው ያድርሰን» የሚለውን ነበር። እርሱ አልመጣም። ለመላው ዓለም የተነገረው ተገኘ፤ ለኛ ቤት ብቻ የተነገረው ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ አንድ ነገር ተማርሁ። ብዙ ሰዎች ኢንተርኔት ሁሉን ይዟል ይላሉ፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ጎተራ ነው እንጂ እርሻ አይደለም። ሰው ተሸክሞ ያላስገባበትን አይሰጥም። የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ሥራ ከጀመረበት ከ1927 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን አየር ላይ ስንት ቃል ተነገረ! ሞገድ ግን ተበትኖ ይሄዳል፤ የቀዳው ሰው ከሌለ አይመለስም። ሊቃውንትም ይህን ከኔ ይልቅ ያውቁታል። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የዜማ ምልክት ስለ ሠሩልን የያሬድ ዜማ በብራና ተወርሷል፤ ሆኖም የመሪጌታው ለዛ በምልክቱ ሳይሆን በጉሮሮው ነው፤ እርሱ ባረፈ ጊዜ አብሮት ይሄዳል።

ያደግሁበት ሰፈርም በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ሄደዋል። ቤቱን በሥዕል ማሳየት ይቻላል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሰው እንዴት ይነጋገር እንደ ነበር የሚያስታውሱ ግን ሽማግሎችና አሮጊቶች ናቸው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እንዳይደርስብኝ ፈራሁ፤ አንድ ጊዜ ደርሶብኛልና።

በማግሥቱ ወደ እናቴ ሄድሁ። ስልኩን በፊትዋ ባስቀመጥሁ ጊዜ ነጠላዋን አስተካክላ «ፎቶግራፍ ነው?» አለችኝ። «የለም እማዬ፤ ስለ አባባ እንድትነግሪኝ ነው፤ ድምፅሽን ልይዘው» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ጀመረች፤ እንዴት እንደ ተጋቡ፤ ራዲዮው በስንት ብር እንደ ተገዛ፤ አባቴ በማን ላይ ይስቁ እንደ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ተናገረች። በመጨረሻም ደከማትና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፤ ድምፅዋን እንደ አባቴ አወፍራ «እንግዲህ ለሚቀጥለው ያድርሰን» አለች። ካሴቷን ያጠፋሁበት ነገር ከዚያ ቀን በፊት በመካከላችን ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

ያንን ድምፅ በሦስት ስፍራ አስቀምጬዋለሁ፤ በስልኬ፤ በእኅቴ ልጅ ዘንድ፤ ሦስተኛውንም በትንሽ ፍላሽ አድርጌ በመሳቢያው ውስጥ። እናንተም አንባቢዎች ሆይ፤ በቤታችሁ አባት ወይም እናት፤ በደብራችሁም ያረጀ መሪጌታ ካለ ዛሬ ሂዱና ጠይቁ። ስልኩ በእጃችሁ ነው፤ ሥራውም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።