ወንድምጋሼና ሦስተኛው ስብሰባ

ይህን የምጽፈው ወንድሜ ፈቅዶልኝ ነው። ስሙንም ሥራውንም አልጠቅስም። «አንድ ሰው እንኳ ከተጠቀመበት ጻፊው» ብሎኛል።

ወንድምጋሼ ይጠጣ ነበር። መጨረሻ ላይ ጠዋት እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ የሚጠጣበት ደረጃ ደርሶ ነበር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት እየኖርን ሁለት ዓመት ሙሉ ገበናችንን ሸፍነን ከረምን። እንግዳ ሲመጣ «ሥራ አድሮ ተኝቷል» እላለሁ። እናታችን ከአዲስ አበባ ስትደውል «አሁን ወጣ» እላለሁ። እሷ እዚያ ሆና ስትሳልለት እኔ እዚህ ሆኜ እዋሽለታለሁ።

እኛ ማኅበር የምናውቅ ሰዎች ነን። ለሐዘናችን እድር፣ ለገንዘባችን እቁብ አለን፤ ጽዋውንም ሰንበቴውንም ባሕር አሻግረን አምጥተነዋል። ልጄ ታመመብኝ ያለች እናት በሁለት ቀን ውስጥ ወገን ይደርስላታል። መጠጥ ወይም ጫት የጣለው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ መካከል ቀስ እያለ ይወጣል። መጀመሪያ ይቀልዱበታል፣ ከዚያ ይመክሩታል፣ ከዚያ ስልኩን አያነሱለትም። እሱም ማን አየኝ ብሎ ይደበቃል። ወንድሜን ከሁሉም በላይ የጎዳው ይህ መደበቅ ይመስለኛል።

ጸበል ሄዷል። አገር ቤት ገብቶ እዚያው አጠገብ ቤት ተከራይቶ ሰነበተ፤ በዚያ ጊዜ ጠብታ አልቀመሰም። ጸበልን አቃልዬ የምናገር ሰው አይደለሁም፣ እኔም ልጆቼን አስጠምቃለሁ። ሆኖም ሲመለስ የተቀበለው ያው ክፍል፣ ያው ብቸኝነት ነበር። ሦስት ሳምንት አልቆየም።

በኋላ መጀመሪያ የወሰድኩት ሐኪም ዘንድ ነው። እባካችሁ ይህቺን ልብ በሉ፦ ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍና ራሱን ሊስት፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊሞትም ይችላል። «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተወው» እያልን የምናስምላቸው ሰዎች በዚህ አደጋ ላይ ናቸው። ወንድሜ ሆስፒታል አምስት ቀን ተኛ። ሲወጣ ነርሷ በሰፈራችን ያሉ የኤ.ኤ. ስብሰባዎች የተዘረዘሩበት አንድ ወረቀት ሰጠችን። ኤ.ኤ. ማለት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ስማቸውን ሳይገልጹ የሚሰበሰቡ የመጠጥ ሱሰኞች ማኅበር ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆይተን ወጣን። ሰው በዝቶበት ነበር፤ እንግሊዝኛው ይፈጥናል፤ ደጋግመው እግዚአብሔርን ሲያነሱ ደግሞ ሃይማኖት ሊያስቀይሩን ይሆን ብለን ደነገጥን። ሁለተኛው ላይ ሁሉም ወጣቶች ናቸው፣ ወንድምጋሼ አባታቸው መሰለ። በቃኝ አለ። ለምኜ፣ አልቅሼ ሦስተኛው ላይ ወሰድኩት።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ታጣፊ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ትልቅ የቡና ማፍያ። አንድ ሽማግሌ ለገባው ሁሉ ቡና ይቀዳል። ለሰዉ ሁሉ ጢም አድርጎ ሞላ። ወንድሜ ጋ ሲደርስ እጁን አየት አደረገና ኩባያውን እስከ ግማሽ ብቻ ቀዳለት። ምንም አላለም። ወንድሜም ሳያፈስ ጠጣ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ግማሽ ነው የቀዳልኝ» አለኝ፤ እንባውም መጣ። እኔ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ሻዩን ሞልቼ እሰጠውና ጠረጴዛው ላይ ሲያፈሰው እቆጣው ነበር።

ያ ሽማግሌ ያወቀውን እኔ በምክር ላገኘው አልችልም ነበር። በማግስቱ ወንድሜ ብቻውን ሄደ።

ማኅበሩ ራሱ የተጀመረው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው ለሥራ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ነው። ሆቴሉ ውስጥ ብቻውን ቆሞ የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ይሰማዋል። ወደዚያ እንዳይገባ ፈርቶ እዚያው የተለጠፈውን የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር እያየ ስልክ መደወል ጀመረ። የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ነበር የሚፈልገው። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲባል ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኙት። ዶክተሩ 15 ደቂቃ ብቻ እቆያለሁ ብሎ መጥቶ ከስድስት ሰዓት በላይ ተጨዋወቱ። ዶክተር ቦብ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 እስከ ዛሬ የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይከበራል።

እንግዲህ እንዴት ትፈልጋላችሁ? «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለውን የኤ.ኤ. መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ብትጭኑ በአቅራቢያችሁ ያለውን ስብሰባ ከነሰዓቱ ያሳያችኋል። «ክፍት» የሚለው ማንም ሊገባበት የሚችል ነው፣ ቤተሰብም ጭምር፤ «ዝግ» የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ምዝገባ የለም፣ መታወቂያ አይጠየቅም፣ ክፍያ የለም። መሐል ላይ ሙዳየ ምጽዋት የመሰለ ቅርጫት ይዞራል፣ ያለው አንድ ሁለት ዶላር ጣል ያደርጋል፤ አዲስ መጤ ግን አይጠበቅበትም። የሴቶች ብቻ የሆኑ አሉ፤ ለእህቶቼ ይህን በተለይ እናገራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢሰበሰቡም የቤተ ክርስቲያን አይደሉም። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም በየራሱ እምነት ይጸልያል። ከአምላክ ጋር ማያያዙ የሚከብደው ደግሞ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሌላ ቡድን አለለት። ለጫትና ለሌሎች ዕፆች ከ1953 ጀምሮ የቆየው ናርኮቲክስ አኖኒመስ አለ። ጫት አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ብዙዎች አፍ አውጥተው ለመናገር ይፈራሉ፤ እዚያ የሰሙትን እዚያው መተው የቡድኑ ልማድ ነው።

«ወሬ ብቻ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያየ ነው። ታካሚዎችን በታቀደ መንገድ ከኤ.ኤ. ጋር የሚያገናኝ ሕክምና፣ መጠጥን ጨርሶ በማስተው ረገድ ከሌሎች የታወቁ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት አሳይቷል።

እኔም የራሴን ቦታ አገኘሁ። አላኖን ይባላል፤ በ1951 የተቋቋመ የጠጪ ቤተሰቦች ማኅበር ነው። መዋሸቴን መጀመሪያ የተናገርኩት እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ወንድሜ እንግሊዝኛ ያውቃል፣ ግን ስለ አባታችን ሞት ማውራት ሲጀምር ቃል ያጥረዋል። ሐዘን በሰው ቋንቋ አይወጣም። በዚህ አካባቢ ስንት ሺህ ሐበሻ እየኖረ በአማርኛ የሚነጋገሩበት አንድ ክፍል ስንፈልግ አጣን። በሌላ በኩል «ሐበሻ ያለበት አልገባም፣ ወሬው ነገ እድሩ ውስጥ ነው» የሚለውም እውነት አለው። ስለዚህ ከሰፈር ራቅ ያለ ቦታ ሆኖ ምስጢር የሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች ያስፈልጋሉ። በኤ.ኤ. ደንብ ሁለት ሦስት ሰው ላለመጠጣት ብሎ ከተሰበሰበ ቡድን ነው። አገር ቤት ያላችሁም፣ ከአማኑኤል ወይም ከጳውሎስ ሆስፒታል ታክማችሁ ስትወጡ አብሯችሁ ከታከመው ሰው ጋር በሳምንት አንድ ቀን መገናኘት ትችላላችሁ።

ካቆማችሁ ዓመታት ያለፋችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ወንድሜ አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል፤ የአማርኛ ስብሰባ አብሮት የሚጀምር ሁለተኛ ሰው እየፈለገ ነው። የእድርና የደብር ኃላፊዎች፣ ስም ሳትጠይቁ በሳምንት ለአንድ ሰዓት አንድ ክፍል ብትሰጡን ይበቃናል። ብቻዬን መግባት ፈራሁ የምትሉ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ከሆናችሁ በሩ ድረስ አብሬያችሁ እመጣለሁ፤ ከፈለጋችሁም መኪና ውስጥ ሆኜ እስክትወጡ እጠብቃለሁ።