ክሬም ስንት ዓይነት ነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ክሬም ምን ዓይነት ቀለም ነው? «ነጭ ሆኖ ትንሽ ቢጫ ነካ ያደረገው» ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ቢጫውስ የአደይ አበባ ነው ወይስ የቅቤ? የቅቤ ካላችሁ ደግሞ የለጋው ነው የተነጠረው? በየከተማችን ክሬም የተቀባ ቤት ሞልቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታዩ ግን አንዱ ወደ ሮዝ፣ ሌላው ወደ ሎሚ ሲያደላ ታገኙታላችሁ። ባለቤቶቹን ብትጠይቁ ሁለቱም «ክሬም ነው» ብለው ይምላሉ።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው ጎዳናዎች ዳር ሕንፃዎች ግራጫ በግራጫ ሲሆኑ ይኸው ነገር አደባባይ ወጣ። አንዱ ግራጫ ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል፣ ጎረቤቱ አረንጓዴ ነገር አለበት፣ ሦስተኛው በዝናብ ቀን ወይን ጠጅ ይመስላል። የታክሲዎቻችንን ሰማያዊማ አታንሱት!

እኔን ስለዚህ ነገር እንዳስብ ያደረገኝ ግን የአዲስ አበባ ግራጫ አይደለም። የከሚሴ ክሬም ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ጦርነቱ እዚያ ደረሰ። አክስቴ ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ሦስት ጥይቶች በሳሎኑ መስኮት ገብተው ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ፣ ከቡፌው ትንሽ ከፍ ብለው አረፉ። ሰው አልነካም፤ ተመስገን ነው። ስትመለስ መስታወቱ ተተካ፣ ቀዳዳዎቹም በስቱኮ ተደፈኑ። የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር። ክሬም ግድግዳ ላይ ሦስት ነጭ ነጠብጣብ ደግሞ ከቀዳዳው ይልቅ ይታያል።

«አንድ ጋሎን እንኳ አልጨርስም» አለችኝ በስልክ። «ቀለሙ ግን ያው ራሱ ይሁን፣ ልጄ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናው ሳይፈላ ዓይኑ እዚያ ነው። ካየ ይጠይቃል። ከጠየቀ እኔም ማውራቴ ነው። ወላሂ ደከመኝ!»

ይህንን ሰምቶ ቀለም የማይፈልግ የእህት ልጅ የለም። የግድግዳውን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። የጠዋቱ ፎቶ ሮዝ ቢጤ ነው፤ በማታ መብራት የተነሳው በሶ መስሏል። ፎቶዎቹን ይዤ አዲስ አበባ አንድ ቀለም መሸጫ ገባሁ።

«የማን ነው?» አለኝ ሻጩ።

«የአክስቴ።»

«የየትኛው ፋብሪካ ማለቴ ነው!»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ቤቱ በተቀባበት ጊዜ የተገዛው ጋሎን ጣሳው የጤና አዳም መትከያ ከሆነ ቆይቷል። ወረቀቱ ተልጦ የፋብሪካው ስም ጠፍቷል። የተረፈው በክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ይዤ ሌላ ሱቅ ብሄድ ልጁ ካታሎጉን ገልጦ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ አወጣልኝ። ልጁን አልፈርድበትም። ንፋስ ስልክም በሉት ካዲስኮ፣ ፋብሪካ ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ለራሱ ቀለም ነው። የፋብሪካው ስም የጠፋበት ቁጥር «ገጽ 47ን አንብብልኝ» ብሎ የመጽሐፉን ስም እንደመደበቅ ነው።

ለመሆኑ የአንዱን ፋብሪካ ቀለም ሌላው አስመስሎ ለመሥራት ለምን ይቸገራል? ቀለም ሲዘጋጅ መጀመሪያ ነጭ መሠረት አለ፤ በዚያ ላይ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ በጠብታ ይጨመራል። መሠረቱ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ነጭነቱን የሚሰጠው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ዱቄት ውድ ስለሆነ አንዱ በርከት ያደርገዋል፣ ሌላው ቀነስ አድርጎ በኖራ ድንጋይ ዱቄት ይሞላዋል። በሁለቱ ላይ እኩል ጠብታ ብትጨምሩ እኩል ቀለም አይወጣም። እናቶቻችን ይህን ነገር ያውቁታል፤ «ሁለት ማንኪያ በርበሬ» የሚለው ልክ የሚሠራው በርበሬው የአንድ ቤት ሲሆን ነው። በዚያ ላይ አንዱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው አያብረቀርቅም፤ ቀለሙ አንድ ቢሆን እንኳ ዓይን ሁለት አድርጎ ያየዋል።

ጀርመኖች ከዚህ ንትርክ ለመውጣት በ1927 እ.ኤ.አ. ራል የሚባል የጋራ ዝርዝር አወጡ። መጀመሪያ አርባ ቀለሞች ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ቁጥር ተሰጣቸው። አምራቹም ገዢውም ናሙና መላላኩን ትተው ቁጥር ተነጋገሩ። የአክስቴ ክዳን ላይ ያለው ቁጥር ግን ራል አልነበረም። ከግድግዳ የተፋቀ ቁራጭ አንብቦ ቅመማውን የሚያወጣ መሣሪያም በዓለም ላይ አለ፤ እኔ ግን የያዝኩት ፎቶ ነው፣ መሣሪያው ደግሞ ፎቶ አያነብም።

ነገሩ በስልክ እንደማይሆን ስለገባኝ ከሚሴ ሄድኩ። ቀቢው ወጣት ነው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደልቡ የሚያቀላጥፍ። አክስቴ «ክሬም ነው» ትላለች፤ እሱ ደግሞ «ኬሎ ነክቶታል» ይላል። ኬሎ በኦሮምኛ ቢጫ አበባ ነው፣ ቢጫም ማለት ነው። እዚያው ሲከራከሩ ስሰማ የገረመኝ፣ በዚህ አገር ሰዎች በበሬ ቀለም እንዲህ አይከራከሩም። የባቲ ሰኞ ገበያ ሂዱ። አማርኛ ተናጋሪው «ዳልቻ» ሲል ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዳለቻ» ይላል፣ «መጋላ»ውም ለሁለቱም መጋላ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልግም። የበሬ ቀለም ስም ሲወጣለት በሬው እዚያው ቆሟል። ክሬም የሚለው ስም ግን በጣሳ ታሽጎ ከሩቅ የመጣ ነው፤ በምን እንለካው?

ቀቢው ቡፌውን ሳብ አድርጎ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ አሳየን። ሁለት ቤት ነው የሚመስለው! ከጀርባ ያለው ፈካ ያለ፣ ገና ትናንት የተቀባ ዓይነት፤ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ጠቆር፣ ቢጫ ቢጫ ያለ። የስንት ዓመት የከሰልና የዕጣን ጭስ፣ የስንት ቡና ትኩሳት ተጭኖበታል።

«እማማ፣ አንቱ የሚሹት የትኛውን ነው?» አላት። «ያን ጊዜ የተገዛውን ነው ወይስ ይሄን የዛሬውን? የተገዛውን ፋብሪካው ቢሠራልኝ እንኳ እዚህ ብለጥፈው ጎልቶ ይታያል። የዛሬውን ደግሞ የሚሸጥ ፋብሪካ የለም።»

አክስቴ መልስ አልሰጠችም። ቡና ልታቀርብ ገባች።

እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከገበያ ይመስላል ያለውን ክሬም አምጥቶ በካርቶን ቁራጭ ላይ ቀባና ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ደግፎ አቆመው። (ውሃ ቀለም እርጥቡንና ደረቁን አንድ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ሲደርቅ ይጠቁራል።) ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ብርሃን ስናየው ካርቶኑና ግድግዳው ፍጹም አንድ ሆኑ። አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሲመሽ መብራቱ በራ፤ ካርቶኑ አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ ቁጭ! ሁለት ቀለሞች በተለያየ ቅመም ሲሠሩ በአንድ ብርሃን ተስማምተው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። እንግዳ ደግሞ በዚያ ቤት የሚበዛው ማታ ነው።

«ስለዚህ መለጠፉን እንተወው» አለ ቀቢው። «ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በአዲሱ እንቀባዋለን። ሌሎቹ ሦስቱ ባሉበት ይቆዩ። ማዕዘን ላይ ብርሃኑ ስለሚዞር ዓይን ልዩነቱን ለጥላው ይሰጠዋል። አብሽሩ!»

እኔ ይህ ልጅ የሚያውቀውን የሚያውቁ ስንት መሐንዲሶች አሉ ብዬ አሰብኩ። ከቆርቆሮው ላይ ቁጥሩን አይቶ የአንድ ጊዜ ምርት የሆኑ ጋሎኖች መርጦ ነው የገዛው። እንደዚያም ሆኖ ሁለቱን በአንድ ባልዲ ገልብጦ አማሰላቸው፤ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ጣሳም መንታ ላይሆን ይችላላ! መጀመሪያ ጭሱን በሳሙና አጠበ፣ ስቱኮው ቀለሙን እንዳይመጠው ደፈና ላዩን ቀድሞ ለብቻው ቀባ፣ ከዚያ ሁለት ዙር ሄደበት። በማግስቱ ሦስቱ ቦታዎች የት እንደነበሩ እኔም በእጄ ካልዳሰስኩ አላገኛቸውም።

ቡፌው ወደ ቦታው ሳይመለስ ቀቢው እርሳስ አውጥቶ ከጀርባው በሚቀረው ግድግዳ ላይ የፋብሪካውን ስም፣ የቀለሙን ቁጥርና የተቀባበትን ቀን ጻፈ። ሌላ ጊዜ ፍለጋ እንዳይኖር ነው አለ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«የጥይቱንም ቀን ጻፍበት» አለችው።

ጻፈው። ከዚያ ሦስታችን ቡፌውን ገፍተን መለስነው።